ካኖ ስላሎምን ከዜሮ ስታስጀምሩ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካኖ ስላሎም ከዳር ሆኖ ለሚያየው ቀላል ነው። በሚናወጥ ውሃ ላይ ከ18 እስከ 25 በሮች (በዘንግ የተሠሩ መተላለፊያዎች) ይንጠለጠላሉ፣ ቀዛፊው በጀልባ በተራ ያልፋቸዋል፣ ሰዓት ይያዝለታል። በአገር ደረጃ ማሳደግ ሲመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ብዙ ጥሩ ጅምር ሲከሽፍ ስለማየው የምሬን ልንገራችሁ።

ትልቁ ስህተት ከኮንክሪት መጀመር ነው። ገና ሁለት አሰልጣኝ ሳይኖር «ሰው ሠራሽ የውድድር ቦይ እንሥራ» ይባላል። አቴንስን አስታውሱ። ለ2004ቱ ኦሊምፒክ የተሠራው ቦይ የባሕር ውሃ በፓምፕ እየተገፋበት የሚሠራ ነበር፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ግን ቦታው ተጥሎ ቀረ። ፓምፕ መብራት ይበላል፣ ጥገና ይፈልጋል፣ በየቀኑ የሚቀዝፍበት ሰው ከሌለ ደግሞ ያን ሁሉ ወጪ ማን ይሸፍናል? አሁን ጀርመን ውስጥ ያለችውን አውግስቡርግን ተመልከቱ። ስላሎም ኦሊምፒክ የገባው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1972 ሲሆን አይስካናል የሚባለው ቦይ ለዚያ ተሠራ። ውሃው ከሌክ ወንዝ ተጠልፎ ያለ ፓምፕ ቁልቁል ይወርዳል። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ የዓለም ሻምፒዮና ተካሂዶበታል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የከተማዋ ክለቦች ልጆቻቸውን እዚያው ያሠለጥኑ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ረጋ ያለ ውሃ፣ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ ገመድና የተንጠለጠሉ ዘንጎች ናቸው። አዎ፣ ይሄው ነው። መዞርን፣ ጀልባን ማዘንበልን፣ ከወገብ መቅዘፍን ልጅ የሚማረው እዚህ ነው። የዓለም ምርጦች እንኳ ረጋ ባለ ውሃ ላይ መሥራት አያቆሙም።

ልጆችን ቶሎ ወደ ኃይለኛ ውሃ መላክ ደግሞ ጭራሽ ይቅር የማይባል ስህተት ነው። አሰልጣኙ ይቸኩላል፣ ልጁ «እችላለሁ» ይላል፣ ወላጅ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ልጁ ገና ሮል አልቻለም፤ ማለትም ሲገለበጥ ከጀልባው ሳይወጣ ተመልሶ መቃናት አይችልም። አንድ ጊዜ ክፉኛ የደነገጠ ልጅ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። ሄልሜትና ላይፍ ጃኬት ግዴታ ናቸው፤ ዳር ላይ ደግሞ መወርወሪያ ገመድ የያዘና አወራወሩን የተለማመደ ሰው ይቁም። ከሁሉም በላይ ይህችን ከመጀመሪያው ቀን አስተምሩ፦ ከጀልባ የወደቀ ሰው በፈጣን ውሃ መሃል ቆሞ ለመሄድ አይሞክር። እግር ድንጋይ ስር ከተቀረቀረ ውሃው ከኋላ እየገፋ ይደፋዋል፣ ጥልቀቱ ጉልበት ድረስ ብቻ ቢሆን እንኳ። በጀርባ ተንጋሎ፣ እግርን ወደ ፊት አድርጎ፣ ዳር እስኪደርስ መንሳፈፍ ነው። ውሃ ውስጥ የወደቀ ዛፍ ካለ ደግሞ ያ ወንዝ ለዚያ ቀን ይቅር፤ ውሃው በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፣ ሰው ግን እዚያው ይያዛል።

ጉልበት ብቻ ማሠልጠንም አለ። ጡንቻ ያስፈልጋል፣ አልክድም። ግን ቀይና ነጭ ቀለም ያላቸው በሮች የሚታለፉት ሽቅብ ነው፣ በአንድ ውድድር ላይም ቢያንስ 6 ይሆናሉ። እነዚህን በጉልበት ብቻ ልወጣ የሚል ሰው ገና በግማሹ ይዝላል። ከድንጋይ ጀርባ ውሃው የሚረግብበትና ወደ ላይ የሚመለስበት ቦታ አለ፤ ጎበዙ ቀዛፊ እዚያ ገብቶ ውሃው ራሱ እንዲያዞረው ይፈቅድለታል። ይህን ለማስተማር ልጆቹን ከጀልባ አውርዳችሁ ዳር ዳሩን አስኪዷቸው፣ «ይሄ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ወንዙን ማንበብ ማለት ይሄ ነው።

ፍጥነት ብቻ የምትለኩም አላችሁ። ዘንግ መንካት 2 ሰከንድ ያስቀጣል፣ በር መሳት 50። አንድ ዙር ደግሞ 90 ሰከንድ ገደማ ነው፤ 50 ሲጨመርበት ውድድሩ አለቀ ማለት ነው። በልምምድ ላይ ቅጣት ካልቆጠራችሁ ልጁ በውድድር ቀን ይደነግጣል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ቤንጃሚን ቡክፔቲ በ2008 ቤጂንግ ላይ በካያክ (ተቀምጠው ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ በሚቀዝፉት ጀልባ) ነሐስ ሲያገኝ ለቶጎ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሆነ። በጣም ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ቡክፔቲ የተወለደውም የሠለጠነውም ፈረንሳይ ነው። ውጭ ያደገ ልጅ ለአባቱ አገር ሲወዳደር ያኮራል፣ ይበረታታ። ስህተቱ ፌዴሬሽን «ሜዳሊያ መጣ፣ ስፖርቱ አደገ» ብሎ ሲቀመጥ ነው። ስሎቫኪያን እዩ። ሚካል ማርቲካን በ1996 አትላንታ ላይ ገና በ17 ዓመቱ ወርቅ ሲወስድ ለነጻዋ ስሎቫኪያ የመጀመሪያው ነበር። ያደገው ሊፕቶቭስኪ ሚኩላሽ ነው፣ የስላሎም ቦይ ባለበት ከተማ፣ አሰልጣኙም አባቱ ነበር። ከእሱ በኋላ የሆክሾርነር መንትዮች በ2000፣ በ2004 እና በ2008 ወርቅ ወሰዱ፤ ኤሌና ካሊስካም በካያክ በ2004 እና በ2008። ትንሽ አገር ናት፣ ግን ልጆች የሚያድጉበት ውሃና አሰልጣኝ አላት።

ሴቶችን «ቆይ፣ ወንዶቹ ይቅደሙ» ማለትም ይቁም። የሴቶች ካኖ (ተንበርክከው አንድ ጫፍ ባለው መቅዘፊያ የሚቀዝፉት ጀልባ) ኦሊምፒክ የገባው ቶኪዮ 2020 ላይ ነው፣ ዘግይቷል። ያኔ ያሸነፈችው አውስትራሊያዊቷ ጄሲካ ፎክስ ፓሪስ 2024 ላይ በካያክም በካኖም ወርቅ ወሰደች።

ስለ ጀልባ አጭር ነገር ልበል። ለጀማሪ ውድና ክብደቱ ቀላል የሆነ የውድድር ጀልባ አትግዙ፤ አንድ ድንጋይ ይሰነጥቀዋል። ፕላስቲክ ይበቃል። ፓሪስ 2024 ላይ ኦሊምፒክ የገባው ካያክ ክሮስ ራሱ የሚካሄደው በፕላስቲክ ጀልባ ነው። አራት ሰው አብሮ ከከፍታ ላይ ውሃው ውስጥ ይወርዳል፣ ይጋፋል፣ መሃል ላይ ሮል መሥራት ግዴታ ነው። ልጆች ይህን አንዴ ካዩ «እኛስ መቼ ነው?» ማለታቸው አይቀርም።

የመጀመሪያ ውድድራችሁን ስታዘጋጁ ደግሞ ዳኛ አትርሱ። ዘንግ ተነካ ወይስ አልተነካም የሚለውን የሚያይ ዓይን በየበሩ ያስፈልጋል። ወላጆችን ቀድማችሁ አሠልጥኑ፣ ወረቀትና እርሳስ ስጧቸው፣ ከውድድሩ በፊት ባለው ቅዳሜ አንድ ሙሉ ቀን አለማምዷቸው።