ባሕር ሳይኖረን የባሕር ዓሣ ግምገማ ስንጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ተቀምጦ ስለ ውቅያኖስ ዓሣ መጻፍ ያስቃል፤ አውቃለሁ። ከመስኮቴ የሚታየኝ ጦሳ ነው፤ እሱም ጭጋግ ካልሸፈነው። ግን በኦንላይን የተማርኩት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ኮርስ የመጨረሻ ሥራው ይኸው ነበር። አንድ የንግድ የውቅያኖስ ዓሣ ማስገር የሚተዳደርበትን ዕቅድ ውሰድና በአካባቢ ላይ የሚያመጣውን ውጤት ገምግም ተባልኩ። የመጀመሪያው ረቂቄ ቀይ በቀይ ሆኖ ተመለሰልኝ። አሁን ደግሞ ያንኑ ትምህርት የጀመሩ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች "እስቲ እይልን" እያሉ ይልኩልኛል። ምን ልበላችሁ፣ ስህተቱ ቁርጥ የኔው ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ከሁሉም የሚብሰው የሚገመገመውን ነገር መሳት ነው። "መረብ ባሕርን ይጎዳል" ብለን እንጀምርና አሥር ገጽ እንነጉዳለን። ማስገር እንደሚጎዳ ማን ጠየቀን? የተጠየቅነው ስለ አስተዳደሩ ነው፤ ኮታው (እንዲጠመድ የሚፈቀደው የዓሣ መጠን) ስንት ይሁን፣ የትኛው ወር ይዘጋ፣ የትኛው ቦታ ይከለከል፣ የመረቡ ዓይን ምን ያህል ይስፋ የሚለውን ውሳኔ። ኮታው 100 ሺህ ቶን ቢሆንና 60 ሺህ ቢሆን ባሕሩ ላይ የሚለየው ምንድን ነው? አለቀ፣ ጥያቄው ይሄ ነው። እኔ ይህ ሳይገባኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ መረብ ክፋት ጽፌያለሁ፤ መምህሩ ከጎኑ "ታዲያ የትኛውን ደንብ ነው የገመገምከው?" ብሎ ብቻ ተወው።

ከዚህ የሚወለደው ሁለተኛው ስህተት አማራጮችን ለይስሙላ መደርደር ነው። ሦስት አማራጭ ይጻፋል፤ አንዱ የተፈለገው፣ አንዱ እብደት፣ አንዱ ደግሞ "ምንም አለማድረግ"። ይህ የመጨረሻው ሁሌም ባዶ ገጽ ነው፤ ሰው ምንም ካልተደረገ ምንም ተጽዕኖ የለም ብሎ ያስባላ! ግን መርከቦቹ ባሕር ላይ ናቸው። ምንም አለማድረግ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የአሁኑ ደንብ እንዳለ ይቀጥላል ማለት ነው። የደንቡ ጊዜ የሚያበቃ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይጠጥራል፤ ሲያበቃ ማስገሩ ይዘጋል ወይስ ልጓም አልባ ይሆናል? ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአካባቢ ሕጋቸው አማራጮችን ማነጻጸርን የግድ ያደረጉት ወደው አይደለም።

አሁን የምወደው ላይ ደረስኩ። "ከተዘጋ ጉዳቱ ቆመ" የሚለው ስህተት። ሃዋይን ተመልከቱ። እዚያ ስዎርድፊሽ የሚባል፣ አፉ እንደ ጎራዴ የረዘመ ዓሣ አለ። የሚያጠምዱት ኪሎ ሜትሮች በሚረዝም ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆ አንጠልጥለው ነው። መንጠቆው የባሕር ኤሊም ይይዛል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ2001 ማስገሩ ተዘጋ። ወረቀት ላይ ሲታይ ኤሊዎቹ ዳኑ። ግን የአሜሪካ በላተኛ ስዎርድፊሽ መብላቱን አላቆመም። ገበያው ከሌሎች አገሮች መርከቦች እየገዛ ቀጠለ፤ እነዚያ መርከቦች ላይ ደግሞ የኤሊ ጥበቃው ያን ያህል የጠበቀ አልነበረም። ከድጡ ወደ ማጡ። የእናንተ ግምገማ የሃዋይን ውሃ ብቻ አጥሮ ካየ "ተጽዕኖ ዜሮ" ብሎ ይፈርማል፣ ኤሊው ግን ድንበር አያውቅም፤ ያው ኤሊ ነው ሌላ መንጠቆ ላይ የሚሞተው።

የሚገርመው መፍትሔው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 እንደገና ሲከፈት የመንጠቆው ቅርጽ ተቀየረ፤ ትልቅና ወደ ውስጥ የተጠማዘዘ ሆነ። መንጠቆው ላይ የሚሰካው ማማለያ ስኩዊድ ከሚባል የባሕር እንስሳ ወደ ዓሣ ተለወጠ። በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ የተያዘውን የሚመዘግብ ታዛቢ ይሳፈር ተባለ። በመንጠቆ የሚያዘው ኤሊ በጣም ቀነሰ። መንጠቆና ማማለያ መቀየር የሚባለው ተራ ነገር፣ ሙሉ መዝጋት ያልሠራውን ሠራ። እንዲህ ያለውን አማራጭ ዝርዝራችሁ ውስጥ ካላስገባችሁ ግምገማችሁ ሲጀመርም አንካሳ ነው።

የሚጠመደውን ዓሣ ብቻ መቁጠርም አለ። አላስካ ውስጥ ፖሎክ የሚባለው ዓሣ በጠቅላላ ሲቆጠር ደህና ነበር፤ ከልክ በላይ ተጠምዷል የሚል አልነበረም። ነገር ግን ስቴለር የሚባሉት የባሕር አንበሶች፣ ያውም ዓሣውን በልተው የሚኖሩት ግዙፍ አጥቢዎች፣ በምዕራቡ በኩል ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የተጠረጠረው ግን መርከቦቹ እንስሶቹ በሚመገቡበት ቦታና ወቅት ላይ መከማቸታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ፍርድ ቤት ወሳኝ መኖሪያቸው በሆነው ውሃ ውስጥ መረብ መጎተትን አገደ። "ጠቅላላው ዓሣ በቂ ነው" ማለት እኮ "ወሎ ውስጥ እህል ሞልቷል" ብሎ ጎተራዋ ባዶ ለሆነ ሴትዮ እንደመንገር ነው። የት? መቼ? ለማን? ብላችሁ ጠይቁ።

መነሻው ላይ እንምጣ። ከመቼ ጋር ነው የምታወዳድሩት? ይህን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም። ከደሴ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብትነዱ ሐይቅ ትደርሳላችሁ፤ የተጠበሰ ቆሮሶ ያልበላ ደሴ ውስጥ የለም። የሰፈር ልጆችን "ቆሮሶው ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?" ብትሏቸው ከኖኅ ዘመን ጀምሮ ይሏችኋል። ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው ግን በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው! እኔ ራሴ ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፣ ያውም አንድ ጋሼ "አንተ ልጅ፣ እኛ ስናድግ ማን ቆሮሶ ያውቃል" ብለው ሲስቁብኝ። እያንዳንዱ ትውልድ ዓይኑን ሲከፍት ያገኘውን "ተፈጥሯዊ" ይለዋል። ባሕር ላይም ያው ነው። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ አካባቢ የሰሜኑ ኮድ የሚባለው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1968 ከ800 ሺህ ቶን በላይ ተጠምዶ ነበር። በ1992 ሊያልቅ ደረሰና ማስገሩ ታገደ። በ2024 እገዳው ሲነሳ የካናዳ ኮታ 18,000 ቶን ሆነ። መነሻችሁ 1992 ከሆነ "እሰይ፣ አገገመ" ትላላችሁ። ከ1968 ወዲህ ካያችሁት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ቢያንስ ሁለት መነሻ አስቀምጡ፣ ለምን እንደመረጣችሁትም ጻፉ።

በዚያው እገዳ ሰላሳ ሺህ ያህል ሰው ሥራ ፈቷል። ስለ ሰው መጻፍ "አካባቢ አይደለም" ብላችሁ አትዝለሉት። ሥራ ያጣ አስጋሪ መርከቡን ይዞ ወደ ሌላ ዓሣ ሊዞር ይችላል፤ ያኔ ነገሩ ተመልሶ ባሕሩ ውስጥ ነው።

ሌላው ሁሉንም ለየብቻ አይቶ "ትንሽ ነው" ማለት ነው። ቦርከናን የሚያውቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከደሴ በኩል ወርዶ ኮምቦልቻን ሲያቋርጥ፣ ቆሻሻ የሚጥልበት ሁሉ "የኔ ድርሻ እኮ ኢምንት ናት" ቢል ወንዙ ምን ይሆናል? ፔሩ ላይ የሆነው ትልቁ ምሳሌ ነው። አንቾቬታ የምትባል ትንሽ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ 12 ሚሊዮን ቶን ገደማ ተጠመደች። ከዚያ በ1972 ኤልኒኖ መጣ፤ ውሃው ሞቀ። በ1973 የተያዘው ከ2 ሚሊዮን ቶን በታች ነበር። ኤልኒኖ ብቻውን ነው? ማስገሩ ብቻውን ነው? ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው። በጥሩ ዓመት የሚያዋጣ ኮታ በመጥፎ ዓመት ገዳይ ነው።

ስለ መረጃ አጭር ልበል። መርከበኛው ራሱ በመዝገቡ የጻፈውን "ሳይፈለግ የተያዘ" ቁጥር እንደ ወረደ አትጠቀሙ። ኤሊ ያዝኩ ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ ማስገሩን የሚያዘጋ ጀግና ስንት ነው? ታዛቢ ከተሳፈረባቸው ጉዞዎች የተገኘውን ፈልጉ፤ ከስንት ጉዞ ስንቱ እንደታዘበ ጻፉ። ታዛቢ በሌለበት ስለ ኤሊ እርግጠኛ ሆኖ ማውራት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

የመጨረሻው የቃላት ነው፣ እኔንም በጣም ያስቀጣኝ። "ጉልህ ተጽዕኖ አይኖረውም።" ስንት ሲሆን ነው ጉልህ? ረቂቄ ውስጥ ይህ ሐረግ አሥራ አራት ጊዜ ነበር፤ መምህሩ ቆጥሮልኛል፣ ይስጠው። ሃዋዮቹ እንዴት እንዳደረጉት ልንገራችሁ። እንደገና ሲከፍቱ በዓመት 17 ሎገርሄድ የሚባሉ ኤሊዎች መንጠቆው ላይ ከዋሉ ማስገሩ ለዚያ ዓመት ያበቃል ብለው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ገና መጋቢት ላይ 17 ሞላ። ዘጉት።