የኤክስትሩደር ሄተር ስትቀይሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ኤክስትሩደር ፕላስቲኩን ባሬል በሚባል ቱቦ ውስጥ አቅልጦ የሚገፋ ማሽን ነው፣ ባሬሉን የሚያሞቀው ሄተሩ ነው። ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ሄተርን እንደ እንጀራ ምጣድ ነው የሚያየው፣ ከሞቀ በቃ ሰርቷል ይላል። ችግሩ ግን እዛው ጋር ነው የሚጀምረው።

አንደኛ ቮልቴጅ። እኛ አገር በሶስት ፌዝ መሀል 380፣ በአንዱ ፌዝና በኒውትራል መሀል 220 ነው። 220 ተብሎ የተፃፈበትን ባንድ ሄተር (ባሬሉን እንደ ቀበቶ የሚያቅፈውን) ሁለት ፌዝ መሀል ካሰራችሁት ኃይሉ 3 እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ ወዲያው ነው የሚበጠሰው። ይሄንን እንኳን ብዙው ያውቀዋል፣ የሚረሳው ኒውትራል ነው። ሄተሮቹ በስታር ታስረው (አንድ ጫፋቸው ለየፌዙ፣ ሌላው ጫፍ በጋራ ኒውትራል ላይ) ኒውትራሉ ከላላ፣ የአንዱ ዞን (የባሬሉ አንድ ክፍል) ሄተር ሲጠፋ የቀሩት ሁለቱ በሲሪስ፣ ማለትም በተከታታይ እንደታሰሩ ሆነው 380ውን ይካፈላሉ፣ ለምሳሌ አንዱ 500 ዋት ሌላው 2000 ዋት ቢሆን 500ው ላይ 304 ቮልት ይደርሰዋል፣ 2000ው ላይ 76 ብቻ። አንዱ ይቃጠላል አንዱ አልሞቅ ይላል፣ ከዛ "ሄተሩ ፌክ ነው" ተብሎ ሌላ ይገዛል። አንድ ቦታ ላይ ሄተር እየደጋገመ ከተቃጠለ መጀመሪያ ፓነሉ ውስጥ ቮልቴጁን ለኩ፣ የኒውትራሏን ብሎን በካቻቢቴ አጥብቁ (ፓወር አጥፍታችሁ ነው ታዲያ)።

ብሬከር ሲወድቅ ትልቅ ብሬከር መቀየርም አለ። 4 ኪሎዋት በ220 ወደ 18 አምፒር ነው፣ ሄተር ለሰዓታት ስለሚሰራ የአሜሪካኑ የኤሌክትሪክ ኮድ 125 ፐርሰንት አድርጋችሁ አስሉ ይላል፣ ወደ 23 ይመጣል፣ ስለዚህ 25 ብሬከር ከሚመጥነው ገመድ ጋር። ገመዱን ሳትነኩ 32 ማስገባት ማለት ፊውዙ ገመዱ ራሱ ሆነ ማለት ነው።

ገመድ ካነሳን፣ የተለመደው ፒቪሲ ገመድ 70 ዲግሪ ድረስ ነው፣ ባሬሉ ደግሞ 200 ምናምን። ሲሊኮን ወይም ፋይበርግላስ የለበሰ ገመድ በሴራሚክ ኮኔክተር እሰሩ፣ ናስትሮ (የኤሌክትሪክ ቴፕ) እዛ ቦታ ቀልጦ ነው የሚወርደው።

ቴርሞካፕል (ሙቀቱን የሚለካው ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር) ተገልብጦ ከታሰረ ባሬሉ በሞቀ ቁጥር ንባቡ ይወርዳል፣ ኮንትሮለሩም በረደ ብሎ ማሞቁን ይቀጥላል። በቀለም አትመኑ፣ በአሜሪካ ስታንዳርድ ቀዩ ኔጋቲቭ ነው። ኬ ታይፕ የሚባለው ቴርሞካፕል ከሆነ ማግኔት አስጠጉ፣ የሚሳበው ሽቦ ኔጋቲቩ ነው።

ኤስኤስአር (ሄተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ኤሌክትሮኒክ ስዊች) ደግሞ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ሾርት ሆኖ ነው የሚቀረው። ኮንትሮለሩ አጥፍቻለሁ ይላችኋል፣ ሄተሩ እየነደደ ነው፣ ውስጥ ያለው ፒቪሲ ከሆነ የሚወጣው ጭስ አሲድ ነው። ስለዚህ ለብቻው ሴንሰር ያለው፣ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ዋናውን ኮንታክተር (የሄተሮቹን ፓወር የሚያገናኘውን ትልቅ ስዊች) የሚቆርጥ ሌላ ሊሚት የግድ ያስፈልጋል፣ ይሄንን ከአለቃ ጋር ተጨቃጭቃችሁም ቢሆን አስገዙ።

መጨረሻ ላይ ኧርዝ። ስቶር ውስጥ የከረመ ካርትሪጅ ሄተር (ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ዘንግ መሰል ሄተር) እርጥበት ስለሚስብ ሊኬጅ ብሬከሩን (ከረንት ወደ ኧርዝ ሲያፈስ የሚቆርጠውን) ይጥለዋል፣ ያኔ ብሬከሩን ባይፓስ የሚያደርግ ኤሌክትሪሺያን አይጠፋም። ሄተሩን በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ለኩት፣ ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ ኦቨን ውስጥ አድርቁትና እንደገና ለኩት፣ ካልተስተካከለ ጣሉት።