የደመወዝ ግብር በቪሉክአፕ፦ ሲሳሳት የት ይፈለግ?

አዳማ ላይ ለጥቂት ትንንሽ ድርጅቶች ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) በኤክሴል እሠራለሁ። ግብሩን የማወጣው በቪሉክአፕ (VLOOKUP) ነው፤ ደመወዙን ሠንጠረዥ ውስጥ ፈልጎ መቶኛውንና ተቀናሹን የሚያመጣ ፎርሙላ ነው። ወሩ ሲያልቅ የሚደወልልኝ ሁሌ አንድ ነገር ለመንገር ነው፤ «ፎርሙላው ተበላሸ»። ፎርሙላው ግን እምብዛም አይበላሽም፤ የሚያስቸግረው ሠንጠረዡ ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የሚሠራበት ይህ ነው፦

የእርከኑ መነሻ (የወር ደመወዝ በብር) | መቶኛ | ተቀናሽ
0 | 0% | 0
2,000 | 15% | 300
4,000 | 20% | 500
7,000 | 25% | 850
10,000 | 30% | 1,350
14,000 | 35% | 2,050

ግብሩ፦ ደመወዙ በሁለተኛው ዓምድ ተባዝቶ፣ ከሦስተኛው ዓምድ የመጣው ተቀናሽ ይነሳለታል። ለ8,450 ብር 2,112.50 ሲቀነስ 850፣ ማለትም 1,262.50 ብር። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ መፈተሻችን እሷ ናት።

ሁሉም ሴል ላይ «ኤን ኤ» (#N/A፣ አልተገኘም) ይላል። የቪሉክአፕ መጨረሻ ላይ ፎልስ (FALSE) ተጽፏል። ፎልስ ልክ 8,450ን ይፈልጋል፤ ሠንጠረዡ ላይ ደግሞ የለም። ትሩ (TRUE) ይሁን፤ መነሻዎቹም ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርደሩ።

አንዳንዱ ሠራተኛ ላይ ብቻ «ኤን ኤ» ይላል። ደመወዙ ቁጥር ይመስላል እንጂ ጽሑፍ ነው። ሴሉ ጥግ ላይ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ታያላችሁ። ምልክቱን ነክታችሁ ወደ ቁጥር ቀይሩት። ከቁጥሩ ጎን «ብር» ብሎ የጻፈ ካለም ቃሉን አጥፉት።

ከላይ ልክ ነው፣ ወደ ታች ሲጎተት ይበላሻል። ሠንጠረዡ አብሮ እየወረደ ነው። ፎርሙላው ውስጥ የሠንጠረዡን አድራሻ መርጣችሁ ኤፍ 4 ተጫኑ፣ የዶላር ምልክት ይግባበት።

ግብሩ በትንሹ ያንሳል። የምፈራው ይህንን ነው፤ ስህተት ነው የሚል መልእክት አይመጣምና። መጀመሪያው ዓምድ ላይ የእርከኑ መነሻ ሳይሆን ጣሪያ ተጽፏል። 8,450 ሲፈለግ 7,000 ላይ ይቆምና የ20 በመቶውን መስመር ያነባል፤ ውጤቱ 1,190። 72.50 ብር ጎደለ፣ ማንም አላየም። የ14,500 ብር ደመወዝተኛ ላይ ደግሞ ጉድለቱ 25 ብር ብቻ ነው። ጣሪያውን አጥፍታችሁ መነሻውን ጻፉ። «2,001 አይባልም ወይ?» የሚል አለ። አያስፈልግም፤ 2,000 በ15 በመቶ 300 ነው፣ 300 ሲቀነስ ዜሮ። ሳንቲም ያለው ደመወዝም በዚህ አይስትም።

ውጤቱ 1,114.63 ከሆነ ግን ሠንጠረዡን አትንኩ። መጀመሪያ 7 በመቶ ጡረታ ቀንሳችሁ ከተረፈው ላይ ግብር አስባችኋል። ግብሩ ጡረታ ሳይቀነስ ነው የሚሰላው።

ግብሩ ይበዛል። አሮጌው ሠንጠረዥ አልወጣም። አንድ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ምግብ አብሳይ የስልኳን ካልኩሌተር ይዛ መጣች። ደመወዟ 14,500፣ የተቆረጠባት 3,575። «በአዲሱ 3,025 አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ፋይሉ ውስጥ አዲሱ ሠንጠረዥ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ፎርሙላው ግን ከተደበቀ ሺት ላይ የድሮውን የ10,900 እርከን ያነብ ነበር። ከታች የሺቱን ስም በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ አንሃይድ (Unhide) በሉ። የተደበቀ ካለ ፎርሙላውን ወደ አዲሱ ካዞራችሁ በኋላ ሰርዙት። ከዚያ 8,450ን ጻፉና 1,262.50 መምጣቱን እዩ። የሷን 550 ብር በሚቀጥለው ወር መለስንላት።