የድሮ የአሜሪካ የወርቅ ሳንቲም እንዴት ይመረመራል?

ከሁሉም በፊት፦ አትወልውሉት። የኛ ሰው ወርቁ ደብዘዝ ሲልበት ወዲያው ማጽዳት ይቀናዋል። ለሐብል ደግ ነው፤ ሳንቲም ላይ ግን ገንዘብ መጣል ነው። ጠርዙን በሁለት ጣት ያዙት፤ ፊቱን አትንኩት። ቢያመልጣችሁ እንዳይጎዳ ከስር ፎጣ አንጥፉ።

ሚዛን ላይ አስቀምጡት። በብዛት የሚያጋጥመውን ባለ 20 ዶላሩን «ደብል ኢግል» እንውሰድ። ክብደቱ 33.4 ግራም፣ ስፋቱ 34 ሚሊ ሜትር ነው። 90 በመቶው ወርቅ ነው፤ በኛ ቋንቋ 21.6 ካራት። ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው።

ክብደቱ ከገጠመ በውሃ ፈትኑት። ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ንባቡን ዜሮ አድርጉ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ታቹን ሳይነካ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ ወደ 1.95 ግራም ማንበብ አለበት። 3 ወይም 4 ካለ፣ ወርቅ አይደለም። ስታወጡት ውሃውን በጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጉ እንጂ አትሹት። ፈተናውን ማለፉ ብቻ ግን አይበቃም፤ በእውነተኛ ወርቅ የተሠራ ሐሰተኛ ሳንቲምም አለ።

ዓመቱንና ፊደሏን ፈልጉ። ብዙ ሰው ዓመቱን አይቶ ያቆማል። ዋናው ነገር ያለው ግን የታተመበትን ከተማ በምትናገረው ትንሽ ፊደል ላይ ነው። ከ1907 እስከ 1933 በታተመው፣ ነፃነት ችቦ ይዛ በቆመችበት ሳንቲም ላይ ፊደሏ ከዓመቱ በላይ ናት። ከዚያ በፊት በነበረው ደግሞ ከጀርባው፣ ከንስሩ ጭራ ስር ናት። «ኤስ» ሳን ፍራንሲስኮ፣ «ሲሲ» ካርሰን ሲቲ፣ «ዲ» ዴንቨር። የፊላደልፊያው ፊደል የለውም።

የ1927ቱን እንይ። ፊደል የሌለው ወደ 2.9 ሚሊዮን ታትሟል፤ ብርቅ አይደለም። «ዲ» ያለበት 180,000 ታትሞ ዛሬ የሚታወቀው ደርዘን ገደማ ነው። የት ገባ? በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕዝቡ ወርቁን እንዲያስረክብ አዘዙ፤ በመንግሥት እጅ ያለው ሳንቲምም ቀልጦ ጡብ ሆነ። ስለዚህ የታተመውን ሳይሆን የተረፈውን ቁጥር ጠይቁ። ፊደሏንም 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ዙሪያዋን እዩ፤ አጭበርባሪ ርካሹ ላይ «ዲ» ለጥፎ ሊሆን ይችላል።

የራሱ የ1933 ደብል ኢግል አለኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሻያችሁን ጠጥታችሁ ተነሱ። በግለሰብ እጅ እንዲሆን በሕግ የተፈቀደው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በ2021 ኒው ዮርክ ውስጥ በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

ብርቅነት ደግሞ ይለዋወጣል። የ1857 ሳን ፍራንሲስኮ ሳንቲም ንጹሑ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በዚያው ዓመት በማዕበል የሰመጠችው የሴንትራል አሜሪካ መርከብ ጭነት ከባሕር ሲወጣ በሺዎች ተገኘ።

አሁን ሁኔታው። መብራቱን አጥፉና አንድ አምፖል ብቻ ተዉ። ሳንቲሙን ከአምፖሉ ስር ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። ወዙ ያልተነካ ከሆነ ብርሃኑ እንደ ጋሪ መንኮራኩር ይዞራል። የተወለወለው ያብረቀርቃል እንጂ ብርሃኑ አይዞርም፤ በመነጽር ደግሞ ጸጉር የመሰሉ ጭረቶች በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ይታያሉ። ቀጥሎ ከፍ ያሉ ቦታዎችን እዩ፦ የቆመችው ነፃነት ጉልበቷና ደረቷ፣ በአሮጌው ደግሞ ከግንባሯ በላይ ያለው ጸጉሯ። ቀድሞ የሚበላው እዚያ ነው። ጉንጯ ላይ ያሉ ጉድጓዶች ግን መበላት አይደሉም፤ ሳንቲሞቹ በከረጢት ሲጓጓዙ እርስ በርስ ተጋጭተው ነው።

ደረጃው ከ1 እስከ 70 ነው፤ ከ60 ጀምሮ ገበያ ላይ ያልዋለ ይባላል። ቁጥሩን ሻጭ አይስጣችሁ። ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ የሚባሉት የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች መርምረው በፕላስቲክ ያሽጉታል፤ የታሸገ ከገዛችሁ መለያ ቁጥሩን በየድረ ገጻቸው አመሳክሩ። ያላችሁ እንደ 1924 ያለ በብዛት የተረፈ ከሆነና ከተበላ ግን ለምርመራ ገንዘብ አታውጡ። ውስጡ ወደ 30 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ፤ ዋጋውም በአብዛኛው የዕለቱ የወርቅ ዋጋ ነው።