ታመው ሰዓት ሲያስቀንሱ፦ አበል የሚያሳጡ ስህተቶች

በጎንደር በሆቴል፣ በፋብሪካ ወይም በግል ትምህርት ቤት እየሠራ የስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ክትትል ያለው ሰው፣ አቅሙ ሲደክም ቀድሞ የሚያስበው ሰዓት ማስቀነስን ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛነፈ ግን ብዙ ያሳጣል። እዚህ ያለው የግል ድርጅት ሠራተኛን የሚመለከት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ የሚመራው በሌላ ሕግ ነው።

ሳያሰሉ ደመወዝ ማስቀነስ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 የጤና ጉድለት አበል (በሕመም መሥራት አቅቶት ለተሰናበተ ሠራተኛ በየወሩ የሚከፈል ጡረታ) የሚሰላው ከሥራ ከመሰናበት በፊት ባሉት 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በወር 12,000 ብር እያገኘ 15 ዓመት ያገለገለ ሰው 36.25 በመቶ፣ ማለትም 4,350 ብር ይደርሰዋል። ይኸው ሰው የመጨረሻውን 18 ወር በግማሽ ሰዓት በ6,000 ብር ከሠራ አማካዩ ወደ 9,000 ይወርድና አበሉ 3,262 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። በየወሩ ከ1,000 ብር በላይ፣ ያውም ዕድሜ ልክ! የሥራ ስንብት ክፍያም የሚታሰበው በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ስለሆነ አብሮ ይቀንሳል።

ስለዚህ መደበኛ ደመወዙን የማይነካውን አስቀድመው ይጠይቁ፦ ከሌሊት ፈረቃ መውጣት፣ ትርፍ ሰዓት ማቆም፣ ተቀምጦ ወደሚሠራ ሥራ መዛወር። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ 568/2000 ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ሰዓትን ጨምሮ ሁኔታዎችን ማመቻቸትን ያውቃል። ሰዓት መቀነሱ ካልቀረም ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ምክንያቱና የሚያበቃበት ቀን ይገለጽበት። የቃል ስምምነት አለቃ በተቀየረ ማግስት «ያለፈቃድ ቀርተዋል» ወደሚል ማስጠንቀቂያ ይለወጣል።

«በገዛ ፈቃዴ» ብሎ መልቀቂያ መጻፍ

ሲሰለቹ የሚጻፍ ወረቀት ነው። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው 10 ዓመት ቢኖረውም እንኳ በሕመም እንደተሰናበተ ሰው አበሉን ወዲያው አያገኝም፤ የጡረታ ዕድሜን መጠበቅ ይኖርበታል። ሥራው የሚቋረጠው በጤና ምክንያት ከሆነ ደብዳቤውም ያንኑ ይበል፤ መሥራት አለመቻልን የሚያረጋግጠው የሐኪሞች ቡድን፣ ማለትም የሕክምና ቦርድ፣ ውሳኔም ይቅደመው።

የሕመም ፈቃድን አለመቁጠር

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ክፍያ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። ተነጣጥለው የተወሰዱ ቀናትም ይደመራሉ፤ ስለዚህ ከታመሙበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በደብተር ይያዙ። መቅረትዎን በማግሥቱ ያሳውቁ፤ ከሐኪም የተሰጠዎትን የሕመም ፈቃድ ወረቀት ያስገቡና ቅጂ ያስቀሩ። የታመሙበትን ቀን ከዓመት ፈቃድ ማስቆረጥ ለድርጅቱ እንጂ ለእርስዎ አይጠቅምም።

የሚጋጭ የሐኪም ወረቀት

አንዱ ወረቀት «ቀላል ሥራ ይሰጠው»፣ ሌላው «መሥራት አይችልም» ካለ ጉዳዩ ይንጓተታል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ክትትል ያላቸው ካርዳቸውን፣ የላቦራቶሪ ውጤታቸውንና የተኙበትን ማስረጃ በቀን ቅደም ተከተል አደራጅተው ይቅረቡ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን ምን መሥራት እንደሚከለክል እንዲጽፍ ይጠይቁ፦ ስንት ሰዓት መቆም፣ ስንት ኪሎ ማንሳት።

አገልግሎትንና መዋጮን አለማጣራት

10 ዓመት ያልሞላው ሰው የሚያገኘው ወርኃዊ አበል ሳይሆን አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። ጥቂት ወራት ከጎደሉ ክፍያ ያለው የሕመም ፈቃድ ምን ያህል እንደቀረ ሳያዩ አይውጡ፤ ቀድሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተሠራም ይደመራል። ከደመወዝዎ የሚቆረጠው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ በጡረታ መለያ ቁጥርዎ ገቢ መደረጉን፣ ገና ሥራ ላይ ሳሉ በማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ያረጋግጡ።