በሐዋሳ አየር የሚፈተል የልም አጥንት ስካፎልድ፦ ችግርና መፍትሔ

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየር ግፊቷ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ለልም አጥንት ሕዋሳት ማደጊያ የሚሆነውንና ቀስ በቀስ በሰውነት ውስጥ የሚሟሟውን ስካፎልድ በኤሌክትሮስፒኒንግ (የሟሟን ፖሊመር በከፍተኛ ቮልቴጅ ከመርፌ ጫፍ ስቦ ቀጭን ክር በማድረግ) ስንፈትል፣ ይህን ሳናስብ ከሌላ አገር የመጣ መመሪያን እንዳለ የምንከተል ከሆነ፣ ጥፋቱን ያለአግባብ በፖሊመሩ፣ በፖሊካፕሮላክቶን፣ ላይ እናላክካለን።

የመርፌው ጫፍ በየጥቂት ደቂቃው ከተደፈነና እንደ ሻማ ጠብታ የደረቀ ነጭ ጉብታ ከያዘ፣ ምክንያቱ ፖሊመሩን ያሟሟንበት ክሎሮፎርም በሳሳው አየርና በበጋው ድርቀት ፈጥኖ መትነኑ ነው። ቀስ ብሎ የሚተነውን ዳይሜቲልፎርማማይድ መቀላቀል ይረዳል፤ ሁለቱም መርዛማ ስለሆኑ ያለ አየር መሳቢያ አይሠራባቸውም። ክሩ ዶቃ የተሰካበት መስሎ ከወጣ ግን ፖሊመሩ የሟሟበት ፈሳሽ ቀጥኗልና የፖሊመሩን መጠን በጥቂት በመቶ ከፍ ማድረግ ነው።

በክረምት ደግሞ የክሩ ገጽ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የተቦረቦረ ይሆናል። አሟሚው ሲተን ክሩን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት በላዩ ይጤዛል፤ ጠብታው ሲደርቅም ጉድጓዱ ይቀራል። የመፍተያውን ሳጥን ዘግቶ በሲሊካ ጄል ማድረቅና እርጥበቱን በየዕለቱ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ፖሊካፕሮላክቶን በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚቀልጥ በ121 ዲግሪ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ መሣሪያ) የገባ ስካፎልድ ተኮማትሮ ፕላስቲክ ሆኖ ይወጣል። እኔም የሳምንት ሥራዬን በዚህ መንገድ አጥቻለሁ፤ በምትኩ ጀርሞችን ለመቀነስ የምንጠቀመው 70 በመቶ ኤታኖል ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ሕዋሳቱ ከላይ ቀርተው ወደ ውስጥ አለመግባታቸው ነው። በመጀመሪያ አንድ የውኃ ጠብታ በስካፎልዱ ላይ ያኑሩ፤ በእንሰት ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጤዛ ክብ ሆኖ ከቆመ፣ ክሩ ውኃ ይገፋል ማለት ነው። በኤታኖል አርሶ፣ ሳይደርቅ በፎስፌት በፈር (አሲድነቱ በማይዋዥቅ የጨው ውኃ) ደጋግሞ ማጠብ አየሩን ከውስጡ ያስወጣል። ጠብታው ሰርጎም ሕዋሳቱ ካልገቡ ክፍተቱ ጠቧል፤ የልም አጥንት ሕዋስ ከ10 ማይክሮሜትር በላይ ሊሰፋ ሲችል፣ በናኖሜትር በሚለኩ ክሮች መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ክሩን ማወፈር፣ ወይም በውኃ የሚሟሟ ፖሊኢቲሊን ኦክሳይድን ጎን ለጎን ፈትሎ በኋላ አጥቦ ማስወጣት መንገድ ይከፍታል።

የማሳደጊያው ፈሳሽ ያለ ሌላ ምክንያት ወደ ሐምራዊ ካደላ፣ የአየር ግፊቱ በማነሱ በሕዋስ ማሳደጊያ ሳጥኑ በ5 በመቶ የተሞላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አልበቃም፤ ወደ 6 በመቶ ገደማ ያሳድጉት። ከ21 ቀን በኋላ ስካፎልዱን ከመሃል ቆርጠው የልም አጥንትን ንጥረ ነገር በሚያቀላው ሳፍራኒን ኦ ይቀቡት፤ ቀዩ ቀለም ዳር ዳሩን ብቻ ከያዘ ወደ ክፍተቱ ይመለሱ።