ኮሚሳርዮ ሞንታልባኖን እንዴት እናንብብ? ከየት ጀምረን፣ ምን እያየን

የወንጀል ልብወለድ የምንወድ ሰዎች አንድ መጥፎ ልማድ አለን። ገጹን የምንገልጠው ገዳዩን ለማወቅ ብቻ ነው። ገዳዩ ከታወቀ መጽሐፉ ወደ መደርደሪያ ይመለሳል። የአንድሪያ ካሚሌሪን የሞንታልባኖ መጽሐፎች እንደዚህ ካነበባችኋቸው ቶሎ ይሰለቿችኋል፤ ምክንያቱም ገዳዩ ብዙ ጊዜ ያን ያህል የሚያስደነግጥ ሰው አይደለም። የሚያስደነግጠው «ይሄ ነገር ቶሎ ይዘጋ» የሚለው ሰው ብዛት ነው። ስለዚህ ትንሽ ለየት ያለ አነባበብ ይፈልጋሉ።

በአጭሩ ለማስተዋወቅ፦ ሳልቮ ሞንታልባኖ በሲሲሊ ደሴት፣ ቪጋታ በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ የፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ (በጣልያንኛ ኮሚሳርዮ) ነው። ቪጋታ በካርታ ላይ የለችም። ካሚሌሪ የቀረጻት ከትውልድ ከተማው ከፖርቶ ኤምፔዶክሌ ነው። አለቆቹ ያሉባት ሞንቴሉዛ ደግሞ ስሟን የቀየረች አግሪጀንቶ ናት። ካሚሌሪ በ1925 ተወልዶ ዕድሜውን በቴአትርና በቴሌቪዥን ዝግጅት ያሳለፈ ሰው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሞንታልባኖን ለአንባቢ ያስተዋወቀው ሰባ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። በ2019 እስኪሞት ድረስ አላቆመም፤ ዓይኑ ሲጠፋ እንኳን እየተናገረ ያስጽፍ ነበር።

ደረጃ 1፦ ከመጀመሪያው ጀምሩ

ልብወለዶቹ 28 ናቸው፣ አጫጭር ታሪኮቹ ሳይቆጠሩ። አትደንግጡ። በቅደም ተከተል መነበብ ያለባቸው የመጀመሪያዎቹ አራት ናቸው፦ «የውሃ ቅርጽ» (1994)፣ «የሸክላው ውሻ» እና «የመክሰሱ ሌባ» (ሁለቱም 1996)፣ «የቫዮሊኑ ድምፅ» (1997)። የመጀመሪያውን በእንግሊዝኛ «ዘ ሼፕ ኦፍ ዎተር» ብላችሁ ስትፈልጉ በ2017 የወጣ ሌላ ፊልም ይመጣባችኋል። ምንም ዝምድና የላቸውም፤ የደራሲውን ስም ጨምሩበት።

ቅደም ተከተሉ ለምን ያስፈልጋል? በሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ፍራንሷ የሚባል ቱኒዚያዊ ልጅ አለ። እሱ የሞንታልባኖንና የፍቅረኛውን የሊቪያን ሕይወት የሚነካበት መንገድ በኋለኞቹ መጽሐፎች ሁሉ ይከተላችኋል። ደግሞ ሰውየው ያረጃል። ብዙ የልብወለድ መርማሪዎች ሃያ ዓመት ሙሉ አርባ ዓመታቸው ነው፤ ይሄኛው ግን በ1950 የተወለደ ነው፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ዕድሜው ይጨምራል፣ እርጅናንም እንደ ጉድ ይፈራል።

ከአራቱ በኋላ እንደፈለጋችሁ ዝለሉ። አንድ ጥንድ ብቻ አትለያዩ፦ የ2003ቱን «ጂሮ ዲ ቦአ» (በእንግሊዝኛ «ራውንዲንግ ዘ ማርክ») እና የ2004ቱን «የሸረሪቷ ትዕግሥት»። ሁለተኛው የሚነሳው የመጀመሪያው ካበቃበት ነው።

ደረጃ 2፦ በየማታው ሦስት ምዕራፍ

ካሚሌሪ ቀመር ነበረው። አብዛኛው መጽሐፍ 18 ምዕራፍ ነው፣ ምዕራፉ ደግሞ አሥር ገጽ ገደማ። የቴአትር ሰው ስለሆነ ትዕይንት መቁረጥ ያውቅበታል፣ ምዕራፉ የሚያልቀው ሁልጊዜ እናንተ ለመቀጠል በምትጓጉበት ቦታ ነው። በቀን ሦስት ምዕራፍ ካነበባችሁ በሳምንት ውስጥ ትጨርሳላችሁ። በአንድ ሌሊት ልጨርስ የሚል ሰው አይከለከልም፣ ግን ጨዋታውን ያጣዋል።

ደረጃ 3፦ ማን ለማን እንደሚታዘዝ ለዩ

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ግራ ይጋባል፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ጣልያን ውስጥ ወንጀል የሚመረምር አንድ ፖሊስ ብቻ አይደለም። ሞንታልባኖ ያለበት የመንግሥት ፖሊስ በአገር ውስጥ ሚኒስቴር ሥር ነው። ካራቢኔሪ ደግሞ ወታደራዊ ነው፣ የመከላከያ አካል። ሁለቱም በአንድ ከተማ ጣቢያ አላቸው፣ ሁለቱም ሬሳ ሊያነሱ ይችላሉ፣ ስለዚህ ፉክክሩ አያልቅም። ሞንታልባኖ አንዳንዴ ዘዴ የሚፈጥረው ወንጀለኛውን ለመያዝ ሳይሆን ጉዳዩ ወደነሱ እንዳይሄድበት ነው።

ከሁለቱም በላይ ዐቃቤ ሕጉ አለ። ምርመራውን በሕግ የሚመራው እሱ ነው፤ ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር ፖሊሱ ያለ እሱ ፈቃድ ቤት መበርበር እንኳን አይችልም። ቶማሴዮ የሚባለውን ዐቃቤ ሕግ ልብ በሉት፦ የትኛውም ግድያ የፍቅር ጉዳይ ይመስለዋል፣ እንዲሆንለትም ይጸልያል ማለት ይቻላል። ሞንቴሉዛ ውስጥ ደግሞ የፖሊሶች ሁሉ አለቃ የሆነው ኩዌስቶሬ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ደህና ሰው ነው። እሱ ጡረታ ሲወጣ የሚመጣው ቦኔቲ አልደሪጊ ግን ሞንታልባኖን ማየት አይፈልግም።

ማፊያስ? አለ። ኩፋሮና ሲናግራ የሚባሉ ሁለት ቤተሰቦች ቪጋታን ተካፍለዋታል። ግን ካሚሌሪ ማፊያን ጀግና ማድረግ አይፈልግም ነበር፤ ከጀርባ ያስቀምጣቸዋል፣ እንደ አየር ጠባይ። የማፊያ ፊልም የምትጠብቁ ከሆነ እዚህ አታገኙትም።

ደረጃ 4፦ ማስታወሻ ያዙ፣ ግን የተጠርጣሪ ዝርዝር አይደለም

አንድ ወረቀት ውሰዱና ሦስት ነገር ጻፉ። ማን ሞተ? ማን ስልክ ደወለ? ማን «በቃ፣ ይዘጋ» አለ? ሦስተኛዋ ጥያቄ ዋናዋ ናት።

በ«የውሃ ቅርጽ» ሞክሩት። ሁለት የጽዳት ሠራተኞች ማናራ በሚባል፣ ሴተኛ አዳሪዎች በሚቆሙበት ባዶ ሜዳ ላይ መኪና ውስጥ የሞተ ሰው ያገኛሉ። ሁለቱም የተማሩ ቀያሾች ናቸው፤ ሥራ ጠፍቶ፣ ያችንም መጥረጊያ በሰው በሰው ነው ያገኟት። ሟቹ ኢንጂነር ሉፓሬሎ ትልቅ ፖለቲከኛ ነው። ሐኪሙ በተፈጥሮ ሞት ነው የሞተው ይላል። አለቃው፣ ዳኛው፣ ጳጳሱ ሳይቀር ሁሉም «ቶሎ ጨርስ» ይላሉ። ሞንታልባኖ ግን ትንሽ ቀን ስጡኝ ይላል። አስቡት፣ ገዳይ መኖሩ ራሱ ገና አልታወቀም! የሚጎትታችሁ ሰው ሁሉ ለምን እንደቸኮለ ማወቅ ነው። ይህን አንዴ ከያዛችሁ የቀሩት መጽሐፎች ይከፈቱላችኋል።

ፍርድ ቤት ቀርቦ መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር የሚጣራበት ታሪክ ግን አትጠብቁ። ሞንታልባኖ ማስረጃ ይደብቃል፣ ይዋሻል፣ አንዳንዱን በዝምታ ይለቀዋል። ሊቪያ በዚህ ትቆጣዋለች፤ እኔም ከእሷ ጋር የምስማማበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ ስሞች አንድ ማስጠንቀቂያ። የጣቢያውን ስልክ የሚያነሳው ፖሊስ ካታሬላ የሰው ስም ሁሉ ያበላሻል። እሱ የተናገረውን ስም ማስታወሻ ላይ አትጻፉ፣ ባለቤቱ ራሱ እስኪመጣ ጠብቁ። ሌላው የጣቢያው ፖሊስ ፋዚዮ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ የተጠርጣሪውን የአባቱንና የእናቱን ስም፣ የት እንደተወለደ፣ መቼ እንደተወለደ ከኪሱ አውጥቶ ካላነበበ አይሆንለትም። ሚሚ አውጀሎ ምክትሉ ነው፣ ሴት ወዳድ፣ ፓስታ ላይ አይብ የሚከምር፣ በሞንታልባኖ ዓይን ሁለተኛው ጥፋት የባሰ ነው።

ደረጃ 5፦ የምግቡን ገጽ አትዝለሉ

አንዳንድ ሰው «አሁን ደግሞ ይበላል» ብሎ ገጽ ይገለብጣል። ስህተት ነው። ሞንታልባኖ ሲበላ አይናገርም፣ ሲናገሩትም አይወድም። መጀመሪያ ሳን ካሎጀሮ በሚባል ምግብ ቤት፣ እሱ ሲዘጋ ኤንዞ ጋ ይበላል። ከዚያ በወደቡ ዳር እየተንሸራሸረ ከባሕር መብራት ማማው ሥር ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚገለጥለት እዚያ ነው። ስለዚህ ከምግብ በኋላ ያሉትን ሁለት ገጾች ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ቤት ውስጥ የምታበስልለት አደሊና ናት። ልጆቿ እስር ቤት ገባ ወጣ ይላሉ፣ ያሰረውም እሱ ነው፣ የልጅ ልጇንም ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ሲሲሊ እንዲህ ናት። ሊቪያ ከጄኖቫ ስትመጣ አደሊና ቤቱን አትረግጠውም። በ1999 በወጣው ስብስብ ውስጥ ያለውን የአራንቺኒ ታሪክ (አራንቺኒ ሩዝ ተድቦልቡሎ፣ ውስጡ ሥጋ ተከቶ የሚጠበስ ነው) በጾም ቀን እንዳትነኩት። በሌሎቹ መጽሐፎች በአብዛኛው ዓሣ ስለሚበላ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ ትቻለሁ።

ደረጃ 6፦ እኛን የሚነኩትን ሁለቱን በዝግታ

«የሸክላው ውሻ» ውስጥ ሞንታልባኖ የጦር መሣሪያ የተደበቀበት ዋሻ ያገኛል። ከዋሻው ጀርባ ሌላ ዋሻ አለ። እዚያ ተቃቅፈው የሞቱ ወንድና ሴት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ የተኙ፣ ከጎናቸው ሳንቲም ያለበት ሳህን፣ እንስራ፣ እና ከሸክላ የተሠራ ውሻ። ማንም መርምር ያላለውን ጉዳይ ይዞ ይብሰለሰላል። ቤታችሁ ስንክሳር የሚነበብ ከሆነ ወይም አርብ አርብ ሱረቱል ከህፍ የሚቀራ ካለ፣ ከኮሚሳርዮው ቀድማችሁ ትነቁበታላችሁ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሁለተኛው «ጂሮ ዲ ቦአ» ነው። የሚጀምረው በንዴት ነው። በሐምሌ 2001 ጄኖቫ ላይ በቡድን 8 ስብሰባ ጊዜ ፖሊስ ሰልፈኞች ያደሩበትን ትምህርት ቤት ሰብሮ ገብቶ የተኙ ሰዎችን ደብድቧል፤ ሞንታልባኖ በዚህ አፍሮ ሥራውን ሊለቅ ተዘጋጅቷል። ከዚያ ባሕር ላይ ሲዋኝ ከሬሳ ጋር ይጋጫል። በአንድ ማታ ደግሞ ስደተኞች ከጀልባ ሲወርዱ አንድ ትንሽ ልጅ ከወደቡ ያመልጣል። የስደተኞች ጀልባ የሚደርስባት የላምፔዱዛ ደሴት በአስተዳደር የአግሪጀንቶ ክፍል ናት፣ ማለትም በልብወለዱ የሞንቴሉዛ። በሊቢያ አቋርጦ በዚያ ባሕር የተሻገረ ወይም ያልተሻገረ ዘመድ ያለው ሰው ይሄን መጽሐፍ እንደሌሎቹ ሊያነበው አይችልም። ማታ ከመኝታ በፊት ባትጀምሩት ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ቋንቋው ካስቸገራችሁ

ካሚሌሪ የጻፈው በጣልያንኛ ብቻ አይደለም። የሲሲሊን ንግግር ቀላቅሎ የራሱ የሆነ ቋንቋ ፈጥሯል፣ የሚላኖ ሰው ራሱ መጀመሪያ ላይ ይደናገራል። ጣልያንኛ የምትችሉ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ገጾች ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ዓይን ያልያዘውን ጆሮ ይይዘዋል። በእንግሊዝኛ የምታነቡ ደግሞ የስቲፈን ሳርታሬሊ ትርጉም መጨረሻ ላይ ማብራሪያዎች አሉ። ስለ ምግቡ፣ ስለ ፖሊሱ፣ ስለ ዘመኑ ፖለቲካ ያስረዳሉ። ከመጀመራችሁ በፊት አንዴ ዓይናችሁን ጣል አድርጉባቸው።

ደረጃ 8፦ ቴሌቪዥኑ በኋላ

ተዋናዩ ሉካ ዚንጋሬቲ ሞንታልባኖን ሆኖ የሠራበት፣ የጣልያኑ ቴሌቪዥን የራይ ተከታታይ ፊልም ከ1999 እስከ 2021 ታይቷል። ግሩም ነው። ግን መጽሐፉን ቀድማችሁ አንብቡ፤ አንደኛ የፊልሙ ቅደም ተከተል ከመጽሐፉ ይለያል፣ የመጀመሪያው ክፍል ሦስተኛው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛ የመጽሐፉ ሞንታልባኖ ጸጉርም ሪዝም አለው፣ ዚንጋሬቲን አንዴ ካያችሁት ግን ከራሰ በራው ሌላ አይመጣላችሁም። የምታዩት ከተማም ፖርቶ ኤምፔዶክሌ አይደለም፤ የተቀረጸው በደሴቲቱ ሌላ በኩል፣ በራጉዛ፣ በሺክሊ እና በፑንታ ሴካ ነው።

የመጨረሻውን «ሪካርዲኖ»ን ግን በምንም ዓይነት አታስቀድሙ። ካሚሌሪ ጽፎ የጨረሰው በ2005 ነው። ከሞትኩ በኋላ ይውጣ ብሎ ለአሳታሚው ለሴሌሪዮ ሰጠው፣ በ2020 ወጣ። በመጽሐፉ ውስጥ ደራሲው ራሱ ስልክ እየደወለ ከሞንታልባኖ ጋር ይጨቃጨቃል። ጭቅጭቁ የሚገባችሁ ቢያንስ አሥሩን ካነበባችሁ በኋላ ነው።